የሳሊም ናት

አኒስ ሐሰን ሞቶ የተገኘው ከገዛ ግቢው ሳይወጣ፣ ኮምፒውተሮቹን በሚያስቀምጥባት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ፍራሹ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ጉንጩ ከመቅላቱ የተነሣ የሞተ ሳይሆን ፀሐይ መትቶት የተኛ ይመስል ነበር። ከግርጌው አመድ ብቻ የቀረበት የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ የክፍሏ ብቸኛ መስኮትም ተዘግቶ ነበር። በታኅሣሥ ብርድ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሞት አዲስ አይደለም። በሩ ላይ የቆመው ሳጅንም ነገሩን በልቡ ጨርሶታል።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ፣ የዓለምወርቅ ገና ከባጃጁ ስትወርድ። «ብርድ፣ ከሰል፣ የተዘጋ ቤት። ጠዋት ያገኘችው ሚስቱ ናት። እኔ አየሩን ላስወጣ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩት እንጂ ሌላ የነካሁት የለም።»

«እስቲ እንየው።»

ኢንስፔክተር የዓለምወርቅ በተነገራት የምትረካ ሴት አይደለችም። ባሏ የመተማ መስመር አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ሸሚዙን ከማጠቧ በፊት አሽትታ ነው የምትዘፈዝፈው። እስካሁን ከናፍጣ በቀር ምንም አላገኘችበትም፤ ማሽተቱን ግን አልተወችም። ይህ አመሏ ቤቷን ሰላም ቢነሣትም ለሥራዋ ግን ሸጋ ነገር ነበር።

ወደ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የገረማት ሙቀቱ ነው። ውጭ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ መስኮቱ ከተከፈተ ቆይቷል፣ ክፍሏ ግን ሞቃለች። ሙቀቱ የሚመጣው ከጠረጴዛው በኩል ነው። እዚያ ሁለት ኮምፒውተሮች ይጮሃሉ፤ አንደኛው አሮጌ ነው፣ ሁለተኛው አዲስ ሆኖ ክዳኑ ተገልጦ ሆዱ ይታያል። ባለችው አንዲት ስክሪን ላይ ክር በክር የተጠላለፈ ቀለማም ሥዕል ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ጠጋ ብላ ልታየው ስትል ዳሌዋ ጠረጴዛውን ገፋው፣ ማውሱ ተንቀሳቀሰ፣ ሥዕሉም ድርግም አለ።

«አበላሸሁት እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«ኧረ እኔም ጠዋት እንዲሁ ሆኖብኛል» አለ ሳጅኑ። «ነካ ሳደርገው ጠፋ። ወጥቼ ስልክ ደውዬ ስመለስ ተመልሶ መጥቶ አገኘሁት።»

የሞተውን ሰው አየችው። የለበሰው ስስ ሸሚዝ ነው። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ትራስ አድርጎታል። ወደ መስኮቱ ሄዳ የእንጨት መዝጊያውን በጣቷ ደባበሰችው። መዝጊያው ተከፍቶ እንዲቆይ ከውጭ ካለ ሚስማር ጋር በሽቦ ይታሰር እንደነበር ምልክቱ ይናገራል። ሽቦው አልተበጠሰም፤ በትዕግሥት ተፈትቷል።

«ሙቀት አማርሮት መስኮት አስሮ የሚከፍት ሰው» አለች የዓለምወርቅ፣ «በምን ቸግሮት ከሰል ያስገባል? ይኼ አደጋ አይደለም።»

ይህን በማለቷ ቶሎ ተጸጸተች። አለቃዋ ኮማንደር ኃይለ ጊዮርጊስ ነገር ማራዘም የማይወድ ሰው ነው።

«ምድጃው የማን ነው?» አላት ሪፖርቷን ሰምቶ።

«የሚስቱ፣ የዙህራ።»

«ተጣልተው ነበር?»

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሌላ ሴት ይዟል ብላ ከመኝታ ቤት አስወጥታዋለች። እዚያ የተኛውም ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? የሦስቱ ቀን ለቅሶ እስኪያበቃ እታገሣለሁ። ከዚያ እንይዛታለን።»

ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ዒዳ የሚባለውን የሐዘን ጊዜዋን እስክትጨርስ ከቤቷ አትወጣም። ዙህራን ከዚያ ቤት በፖሊስ ማስወጣት ማለት በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ገዳይ ናት ብሎ ማወጅ ነው፤ በኋላ ንጹሕ ሆና ብትገኝ እንኳ ያ ስም አይለቃትም። ሳጅኑ እንዳለው አደጋ ተብሎ ቢቀር ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር። የዓለምወርቅ ሴትዮዋን ገደል አፋፍ ላይ ያቆመቻት እኔ ነኝ ብላ አሰበች።

ከሰዓት በኋላ ዙህራን ከለቀስተኞቹ መካከል ለይታ ጓዳ አስገባቻት። ዙህራ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ተከናንባለች። ዓይኗ ደርቋል፤ እንባ የሚባል ነገር የለበትም።

«ምድጃው የኔ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ከሰሉንም ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ። ግቢ ውስጥ ትቼው ልጄን ላስተኛ ገባሁና አብሬው እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ሴት ይዟል ያልሽው በምን አውቀሽ ነው?»

ዙህራ ከንፈሯን ነከሰች። «በጆሮዬ ሰምቼ። በስልክ ሲያወራ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ‹የሳሊም ናት› አለ። ‹እሱ ዘንድ ዝም ብላ ነበር የምትውል፤ እኔ ጋ ከመጣች ወዲህ ግን ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም። እንዴት እንደምትሞቅ! መስኮት ካልከፈትኩላት አትችለውም። አደራ፣ ለሳሊም እንዳትነግረው› አለና ሳቀ።»

«ሳሊም ማን ነው?»

«የአጎቱ ልጅ። ፒያሳ ጨርቅ ቤት ያለው። ሚስቱ ፈህሚያ ጓደኛዬ ነበረች።» ነበረች የምትለውን ቃል በጥርሷ ይዛ አወጣቻት።

«አኒስን አልጠየቅሽውም?»

«ጠየቅሁት። ‹ኮምፒውተር ነው እኮ› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ሞኝ ነኝ? ኮምፒውተር መስኮት ይከፈትለታል?»

«የሰማሽውን ለማን ነገርሽ?»

ዙህራ የነጠላዋን ጫፍ አየች። «ለማንም።» ከዚያ ቀና አለች። «ሊያስሩኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ኢንስፔክተር። እስሩን አልፈራም፤ አላህ ያውቀዋል። ብቻ ሴትዮዋ እሷ መሆኗን ከአፏ ልስማ። ከዚያ የወደዳችሁትን አድርጉኝ።»

የዓለምወርቅ እንዲህ ያለውን ቅናት ታውቀዋለች። ከሞት በኋላ እንኳ ጥያቄውን የማይተው ቅናት ነው።

ሳሊምን ፒያሳ ባለው ጨርቅ ቤቱ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጦ አገኘችው። ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ዓይኑ ግን መንገዱን የማይለቅ ሰው ነው። ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ ባዶውን ይታያል።

«ማታ አኒስ ግቢ ሲገቡ ያየ ጎረቤት አለ» አለችው።

«ምን ልደብቅ። ጉንፋን ይዞታል ብለውኝ መግሪብ ሰግጄ ልጠይቀው ሄድኩ። የግቢውን በር እንደ ዘመድ ራሴ ከፍቼ ገባሁ፤ የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ ይጽፋል፤ ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ አያርፉም። ፊት ለፊቱ ቀለማም ክር ስክሪኑ ላይ ይሽከረከራል። ሥራ ላይ ነው ብዬ ‹አፊያ ያድርግህ› አልኩትና ወጣሁ። በእጁ ምልክት ሰጠኝ።»

«ያቺን ክፍል ደጋግመው ይገቡባት ነበር?»

«እኔ? ያን ዕለት የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። ክፍሏን ያዘጋጀው በቅርቡ ነው፤ ከዚያ በፊት በሯንም አልረገጥኩ።» ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ኢንስፔክተር፣ የዘመድ ሚስት ማማት ነውር ነው። ግን ሴት ስትቀና ምን እንደምታደርግ እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አለች የዓለምወርቅ፤ ባዶውን ቦታ በጣቷ እየጠቆመች። «ይኼ ቦታስ የምን ነው?»

«የኮምፒውተሬ። ከዱባይ ያመጣኋት ናት። ጠፍታ እምቢ ስትል ለአኒስ እንዲሠራት ሰጠኋት። በጠየቅሁት ቁጥር ገና ናት ይለኝ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።»

ከዚያ ወደ ሳሊም ቤት ሄደች። የውጩ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ከቤቱ ውስጥ ግን የሴት ድምፅ ይሰማል። ሳጅኑ ከሳሊም ዘንድ ቁልፉን ተቀብሎ እስኪመጣ ድረስ የዓለምወርቅና ፈህሚያ በበሩ ቀዳዳ አወሩ።

«ምነው እንዲህ ቆለፈብሽ?»

«አላውቅም» አለች ፈህሚያ፤ ድምጿ ደክሟል። «ድንገት ነው የተነሣበት። ‹ሁሉን ነግረውኛል› ይለኛል፤ ምኑን እንደሆነ አይነግረኝም። ለአኒስ ለቅሶ እንኳ ራሱ ይዞኝ ሄዶ ራሱ መለሰኝ። ዙህራ ደግሞ ልቅፋት ስል ገፋችኝ።»

«አኒስ በሞተበት ማታ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ቆልፎብኝ ወጣ። ወላሂ፣ ከአኒስ ጋር ከሰርጌ ወዲህ ብቻችንን ቆመን አውርተን አናውቅም።»

የቀረው ሰው የአኒስ ጓደኛ፣ ዳኛው የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። አኒስ በሞተበት ዕለት፣ በቀን፣ የሳል ሽሮፕ ወስዶለት እንደነበር፣ ከተጨቃጨቁ በኋላም እንደወጣ ዙህራ ተናግራለች። ግቢውን ከኋላው የዘጋችው እሷ ናት፤ ያኔ ከሰሉም ገና አልተቀጣጠለም። የዓለምወርቅ አዘዞ ድረስ በሚኒባስ ወርዳ ቤቱ አገኘችው።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

ዳኛው ጆሮው ቀላ። «ብነግርዎት ይስቃሉ። በነጥብ ነው።» ኮምፒውተሩን አሳያት። «ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። እርስዎ ደብዳቤ ሲጽፉበት እንኳ ከጉልበቱ ጥቂቱን ነው የሚጠቀመው። ሩቅ አገር ያሉ የወባ ተመራማሪዎች ደግሞ ብቻቸውን የማይዘልቁት ስሌት አላቸው። ስለዚህ ስሌቱን ይቆራርጡና ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ በኢንተርኔት ያድሉታል። ለመጀመር ከባድ አይደለም፤ ፕሮግራሙን አውርደው ይጭናሉ፣ የሚረዱትን ጥናት ይመርጣሉ፣ ስምዎን ያስገባሉ፤ አለቀ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ድርሻውን ተቀብሎ ያሰላና ውጤቱን ይልካል። ደመወዝ የለውም፤ ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጡት።»

«ነጥቡ ምን ያደርጋል?»

«ምንም» አለ ዳኛው። «ያስቀናል።»



«አኒስን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ቀጠለ። «አባቱ ለሰሊጥ ንግድ መተማ ወርደው በወባ ነው የሞቱት። ስለ ጥናቱ ስነግረው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ያኑ ዕለት ጀመረ። ከኢትዮጵያውያኑ አንደኛ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ብነሣ ቀድሞኛል። በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር! መተኛት አቃተኝ። በመጨረሻ ደውዬ ምን እያደረግህ ነው አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

ዳኛው ነገራት። የዓለምወርቅ አስደገመችው።

በዚህ መካከል ማንም ሳይነካው የዳኛው ስክሪን ላይ ያ ቀለማም ሥዕል መሽከርከር ጀመረ።

«ይቺስ ምንድን ናት?»

«ሰው እጁን ሲያነሣ ለትንሽ ጊዜ ትጠብቅና ትመጣለች። ‹ባለቤቱ የለም፣ እኔ እየሠራሁ ነው› ማለቷ ነው።» ማውሱን ነካ አደረገው፤ ሥዕሉም ጠፋ። «ሰው ሲመለስ ደግሞ ቦታውን ትለቃለች።»

የዓለምወርቅ ወደ ከተማ ስትመለስ ማን እንደገደለ አውቃለች። ዳኛ ፊት የምታቆመው ማስረጃ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ቅናቱ ራሱ እንዲሰጣት ፈለገች። ስለዚህ እንዲያ ስትጓጓ ለነበረችው ለዙህራ እንኳ ያወቀችውን አልነገረቻትም።

በሦስተኛው ቀን ዱዓው ተደርጎ እንግዳው ሲበተን አምስቱን በሰርቪስ ክፍሏ ሰበሰበቻቸው። ዙህራ በሩ ሥር፣ ፈህሚያ ከሷ ርቃ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ሳሊም በሁለቱ መካከል ቆመ። ዳኛው ጠረጴዛው አጠገብ ነው። ኮማንደሩ ሰዓቱን እያየ በሩን ተደገፈ፤ ሳጅኑ ዙህራን የምትወስደውን መኪና ግቢ አስገብቶ ቆሟል።

«አኒስ ከሰል አላስገባም» ብላ ጀመረች የዓለምወርቅ። «እነዚህ ሁለት ኮምፒውተሮች ቀን ከሌት ሲያሰሉ ይቺን ክፍል እንደ ዳቦ ቤት ያሞቋት ነበር። ስለዚህ መስኮቱን ከፍቶ አስሮታል። ሽቦውን የፈታ፣ ምድጃውን ያስገባ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው አኒስ በርዶት ከሰል ያስገባ እንዲመስለን ፈልጓል። ዙህራ ግን በየቀኑ ምግብ ይዛ እዚህ እየገባች፣ ከምን እንደሚመጣ ባታውቅም፣ በሙቀቱ ታማርር ነበር። ብርድ ነው ብላ ልታታልለን አትሞክርም። ይህን የሚያስብ የክፍሏን ጠባይ የማያውቅ፣ ያን ዕለት ገና የገባ ሰው ነው።»

«መምህሩስ?» አለ ኮማንደሩ።

«እሱም ሙቀቱን ያውቃል። ሽሮፑን ሰጥቶ ሲወጣም ግቢውን የዘጋችው ዙህራ ናት፤ ከሰሉ ገና አልተቀጣጠለም። ፈህሚያ ደግሞ በር ተቆልፎባት ነበር። አቶ ሳሊም፣ ያን ማታ ያዩትን እስቲ ይድገሙልን።»

ሳሊም ደገመው። ጀርባውን መስጠቱን፣ ጣቶቹን፣ የሚሽከረከረውን ቀለማም ክር።

«ይኼኛውን ነው?» አለች ወደ ስክሪኑ እያሳየች። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። «አሁን ማንም ምንም እንዳይነካ።»

ዝም ብለው ጠበቁ። ግቢው ውስጥ ሳጅኑ ሲያስል ይሰማል። ኮማንደሩ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሥዕሉ በራሱ ብቅ ብሎ መሽከርከር ጀመረ።

«ይኸው ነው» አለ ሳሊም።

«መምህር፣ እባክዎ ይጻፉበት።»

ዳኛው ጣቱን ገና ከማሳረፉ ሥዕሉ ድርግም አለ።

«ይቺ ሥዕል ሰው እየጻፈ አትታይም» አለች የዓለምወርቅ። «የምትመጣው ሰው እጁን ሲያነሣ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም እዚህ አልገባሁም ብለኸኛል። ያየሃት ያን ማታ ነው ማለት ነው። ያየሃት ደግሞ አኒስ የሳል ሽሮፑ በእንቅልፍ ጥሎት፣ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ነው። ምነው ዋሸኸን፣ ሳሊም?»

ሳሊም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከሥዕል ጋር… እኔ ኮምፒውተር መች አውቃለሁ። ተሳስቼ ይሆናል። በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም» አለች። «ለዚህ ነው ሌላውን የምነግርህ። አኒስ በስልክ ‹የሳሊም ናት› ሲል ያወራ የነበረው ከመምህር ዳኛው ጋር ነው። መምህር፣ ስለ ማን ነበር የሚያወራው?»

«ስለዚች ነዋ» አለ ዳኛው፣ ክዳኑ የተገለጠውን ኮምፒውተር እየነካ። «የሳሊም ናት፣ እሱ ሱቅ ዝም ብላ ነበር የምትውል፤ እኔ ጋ ከመጣች ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም አለኝ። ጠግኖ ጨርሷት ነበር። ፈጣን ስለሆነች ትንሽ ታስላልኝ ብሎ አቆያት። ስትሠራ ስለምትሞቅ ነው መስኮት የሚከፍትላት። ለሳሊም እንዳትነግረው ያለኝም እንዳያስመልሳት ፈርቶ ነው።»

የዓለምወርቅ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የወለቀውን ክዳን አወጣች። የሳሊም ጨርቅ ቤት ስም የታተመበት ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሳሊም ክዳኑን ተቀበላት። ገለባበጠው። «የኔ ናት» አለ በዝግታ። ከዚያ ሚስቱ እግር ሥር ቁጭ አለ።

«ተኝቶ ነበር» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ልጠይቀው፣ ልጨቃጨቀው ነበር የመጣሁት። ለሷ መስኮት እንደሚከፍትላት ተነግሮኛል። ስገባ መስኮቱ ተከፍቶ፣ እንዳይዘጋ ታስሮ አገኘሁት። ፈህሚያን እኔው ቆልፌባት እንደመጣሁ አውቃለሁ። ቢሆንም የሚጠብቃት መሰለኝ። ምድጃው ግቢው ውስጥ ፍም ሆኖ ነበር።»

ፈህሚያ እግሯን ከሱ ሰበሰበች። «አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት» አለች፤ ለሱ ሳይሆን ለራሷ የምትናገር ይመስል ነበር።

ኮማንደሩ ሳጅኑን ጠራ። ሳሊም እጁ ታስሮ ሲነሣ ኮማንደሩ፣ «ቆይ፤ ማን ነው መስኮት ይከፍትላታል ብሎ የነገረህ?» አለው።

«እሱ እንኳ አያስፈልግም» አለች የዓለምወርቅ ቶሎ ብላ። ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ስትሰጋ ነው የቆየችው። «አምኗል፤ ይበቃል። ዙህራ፣ አንቺ ነፃ ነሽ። ዒዳሽን ቤትሽ ትጨርሻለሽ፤ ማንም አይነካሽም።»

ዙህራ ግን ከተቀመጠችበት ተነሣች። ለሦስት ቀን ደርቆ የቆየው ዓይኗ አሁን ይፈስሳል፤ አልጠረገችውም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሱቁ ድረስ ሄጄ ‹ሚስትህን ያዝ› ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል ነገርኩት፤ መስኮቱንም፣ ሙቀቱንም። እሷን እንዲቀጣልኝ ነበር የፈለግሁ።» ወደ ፈህሚያ ዞረች፤ ልትላት የፈለገችው ከአፏ አልወጣም። «አኒስ ነግሮኝ ነበር። ኮምፒውተር ነው እኮ ብሎኝ ነበር። ውሸታም አልኩት።»

እጆቿን ለሳጅኑ ዘረጋችለት። «እኔንም ውሰዱኝ።»

ሳጅኑ ግራ ገብቶት ወደ ኮማንደሩ አየ።

«ለዚህ የምናስርሽ ሕግ የለንም፣ ልጄ» አለ ኮማንደሩ፤ ድምፁ እንደሌላው ቀን አልጠነከረም።

ሳሊምን ይዘው ወጡ። ዳኛውም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። ዙህራ በሩ ላይ ቆማ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ አየችው፤ የዘረጋቻቸውን እጆቿን ግን አላወረደችም።